እህትማማቾቹ ተወርዋሪ ኮከቦች፦ ስልካችን ለምን ይሳሳታል?

በፈረንጆቹ ሜይ አጋማሽ ላይ ነው። ከሚኒያፖሊስ ተነስተን የሚሲሲፒን ወንዝ እየተከተልን ወደ ዊኖና ወረድን። ብርዱ አላልቅ በሚልበት አገር የሚኖር ሰው ፀሐይ ሲያይ ቤት አይቀመጥም። ከወንዙ በላይ ገደሉን ጥግ ጥጉን በሚሄደው የእግር መንገድ ስንወጣ፣ ጥላና እርጥበት ባለበት አለት ሥር፣ ደማቅ ሐምራዊ አበቦች አንገታቸውን ደፍተው ተኮልኩለዋል።

ስልኬን አወጣሁና አንዷን ከፊት ለፊት አነሳኋት። ስልኩ ስም ሰጠኝ። ጓደኛዬ ያችኑ አበባ ከጎን አነሳት። የእሱ ስልክ ሌላ ስም ሰጠው። ትንሽ ተከራከርን። ከዚያ እኔም ከጎን አነሳኋት። ስልኬ ሐሳቡን ቀየረ! አንድ አበባ፣ አንድ ስልክ፣ ሁለት ስም።

ያን ቀን የጀመረኝ ጥያቄ እስካሁን አልለቀቀኝም። ዛሬ ብዙ ሰው አበባ የሚለየው በስልክ ነው። ፎቶው ወደ ሕዝብ መዝገብ ይገባል፤ ከመዝገቡ ካርታ ይሠራል፤ ካርታውን ተመራማሪውም የጥበቃ ባለሙያውም ያያሉ። ሰው ደግሞ ሲያነሳ የሚያነሳው የአበባዋን ፊት ነው። የእነዚህ አበቦች ጣጣ ፊታቸው አንድ መሆኑ ነው።

በእንግሊዝኛ የሚጠሩበት ስም ቃል በቃል ተወርዋሪ ኮከብ ማለት ነው። አንዴ ያያቸው ሰው ለምን እንደተባሉ አይጠይቅም። ቅጠሎቻቸው መሬት ላይ እንደ ሰላጣ ተነጥፈው ይቀመጣሉ። ከመሃል አንድ ቅጠል አልባ ቀጭን ዘንግ ይወጣል። ከዘንጉ ጫፍ እንደ ጃንጥላ ሽቦ ቀጫጭን ዘለላዎች ይዘረጋሉ፤ በየጫፋቸው አንዳንድ አበባ ወደ መሬት እያየች ትንጠለጠላለች። ፔታል የምንላቸው ባለ ቀለም ክፍሎች፣ ብዙውን ጊዜ አምስት ናቸው፣ ወደ ኋላ ተገልብጠዋል። ነፋስ ፊት የቆመች ሴት ፀጉር ይመስላሉ። ስታመኖቹ፣ ዱቄት የሚሰጡት የወንዴ ክፍሎች፣ ደግሞ ተጋጥመው ሹል ምንቃር ሠርተው ወደ ታች ይጠቁማሉ። በቃ፣ ጭራዋን ወደ ላይ ትታ የምትወረወር ኮከብ ናት። በምዕራቡ በኩል ያለችውን አንዷን ዝርያ ግን "የትንኝ ምንቃር" ይሏታል። እውነቱን ለመናገር እኔ ይሄኛውን እመርጣለሁ።

የሰሜን አሜሪካን ዕፅዋት የሚዘረዝረው ባለ ብዙ ቅጽ መዝገብ 17 ዝርያዎችን ይቆጥራል። አገራቸው ሰሜን አሜሪካ ነው። አንዷ ብቻ ከአላስካ ተሻግራ በሩሲያ ጫፍ፣ በቹኮትካ፣ ትገኛለች።

ታዲያ ለምን ተመሳሰሉ? አንዱ ምክንያት ደንበኛቸው አንድ መሆኗ ይመስለኛል።

ደንበኛዋ ባምብልቢ የምትባለው ወፍራም ፀጉራም ንብ ናት። እኛ ስም የለንላትም፤ ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ በተፈጥሮ ስለሌለች አይፈረድብንም። ፀደይ ሲብት ከክረምት እንቅልፏ የምትነሳው ንግሥቲቱ፣ እኛ ንብ አናቢዎቹ አውራ የምንላት ዓይነቷ፣ ብቻዋን ናት። ቤት መሥራት፣ ዕንቁላል መጣል፣ ምግብ መሰብሰብ ሁሉ የእሷ ነው። ተወርዋሪ ኮከብ ጣፋጭ ፈሳሽ አታቀርብላትም። ያላት የአበባ ዱቄት ብቻ ነው፤ እሱንም ምንቃሯ ውስጥ ቆልፋበታለች።

ንቧ ምንቃሩን ጨምድዳ ትይዝና ቁልቁል ትንጠለጠላለች። ከዚያ ክንፏን ሳታርገበግብ የደረቷን ጡንቻ ታንቀጠቅጣለች። ጆሮውን የሰጠ ሰው ድምፁን ይሰማዋል፤ ስትበር ከምታሰማው ቀጠን ይላል። አበባዋ ትርገፈገፍና ዱቄቱ ከወንፊት እንደሚወርድ ሆኖ ሆዷ ላይ ይፈሳል። ማር የምትሰጠን ንብ ይህን አትችልም። ቲማቲምም የሚወደው ይህንኑ ዘዴ ነው፤ ለዚህ ነው በመስታወት ቤት ቲማቲም የሚያመርቱ ሰዎች ባምብልቢ የሚያሰማሩት።

ዘር ከያዘች በኋላ ደግሞ አበባዋ ጸባይ ትለውጣለች። ተደፍታ የነበረችው ቀና ትላለች። ዘሩን የያዘው ፍሬ ሽቅብ ይቆማል፤ ሲደርቅ ጫፉ ይከፈትና ነፋስ ዘንጉን ባወዛወዘው ቁጥር ዘሩ እንደ ጨው ይነሰነሳል።

ይህን ያስረዘምኩት ለምክንያት ነው። ምንቃሩ፣ የተገለበጠው ፔታል፣ ደፋ ማለቷ፣ ሁሉም ለዚያች አንድ ንብ የተሰፋ ልብስ ነው። 17ቱም እህትማማቾች አንድ ልብስ ሰፊ ጋ ሄደዋል ማለት ነው። ልዩነታቸውን ልብሱ ላይ ስንፈልግ ብንውል አናገኘውም። ቀለሙም አያዋጣም። አንዷ ዝርያ ብቻዋን ከነጭ ተነስታ እስከ ደማቅ ሐምራዊ ልትደርስ ትችላለች።

ወደ ዊኖናው ገደል ልመለስ። ስልኬ ያወላወለው በሁለት ስሞች መካከል ነበር፤ ፕሪሙላ ሜዲያ እና ፕሪሙላ ፋሴቲ። ለራሴ እንዲቀለኝ የመጀመሪያዋን "የሜዳዋ"፣ ሁለተኛዋን "የገደሏ" እላቸዋለሁ። የሜዳዋ ሰፊ አገር አላት፤ ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ እስከ ቴክሳስ፣ ወደ ላይ እስከ ዊስኮንሲንና ሚኒሶታ። የገደሏ በዋናነት የላይኛው ሚሲሲፒ ልጅ ናት። ወደ ሰሜን የዞረ፣ እርጥብ፣ ድንጋያማ ገደል ትወዳለች።

ሁለቱን ጎን ለጎን ቢያቆሙልን የገደሏ ደመቅ ያለች ሐምራዊ፣ የሜዳዋ ፈዘዝ ያለች ወይም ነጭ ናት። ግን ጎን ለጎን የሚያቆምልን የለም። ደማቅ የሜዳ አበባ አለች፤ ፈዛዛ የገደል አበባም አለች። የስልክ ካሜራ ደግሞ ሐምራዊ ቀለም ላይ የራሱን ቅመም ይጨምራል። የገደሏ ቀደም ብላ ትፈካለች ይባላል፤ እውነት ነው፤ ግን ከአንድ ዓመት ወደ ሌላው ፀደዩ ራሱ ይገፋል፣ ይመጣል።

የተሻለው ነገር ቅጠሉ ነው። ጎንበስ ብላችሁ ቅጠሉ ከመሬት የሚገናኝበትን እግሩን እዩ። የሜዳዋ እግር ብዙውን ጊዜ ቀላ ይላል፤ ሂና የተቀባ ይመስላል። የገደሏ አረንጓዴ ወይም ነጣ ያለ ነው። "ብዙውን ጊዜ" ያልኩት ሆን ብዬ ነው።

የማይዋሸው ፍሬው ነው። የሜዳዋ ፍሬ ግድግዳው ወፍራም ነው፤ እንጨትነት አለው፤ ሲበስል ጠቆር ያለ ቀይ ቡናማ ይሆናል። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ቀስ ብላችሁ ብትጫኑት አይበገርም። የገደሏ ፍሬ ስስ ነው፤ ወረቀት ወረቀት ይላል፤ ቀለሙም የደረቀ ገለባ ነው፤ ሲጫኑት ይሰረጉዳል። ችግሩ ታየኝ። አበባዋ ስታምር ፍሬው የለም፤ ፍሬው ሲደርስ ደግሞ ማንም ካሜራ ይዞ አይመጣም።

ይህ የዕፅዋት ተመራማሪዎች ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ አልጽፍበትም ነበር። በሚኒሶታ የሜዳዋ በግዛቲቱ ሕግ ለመጥፋት ከተቃረቡት ዕፅዋት ተርታ ናት። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሜዳው ታረሰ። ብዙም የማትርቀውን የኢሊኖይን ነገር ብናነሳ፣ ያች ግዛት የቅጽል ስሟ ራሱ "የሣር ሜዳዋ ግዛት" ነው። ከጥንቱ ሣር ሜዳ ጥራቱን እንደጠበቀ የቀረላት ግን ከ10,000 እጅ አንዱን እንኳ አይሞላም። የተረፈው በባቡር ሐዲድ ዳርና በድሮ መካነ መቃብር ጥግ፣ ማረሻ ባልደረሰበት ቦታ ነው። በሚኒሶታም የሜዳዋ መጠለያ ከዚህ አይለይም። ገደል ግን አይታረስም። ስለዚህ የገደሏን "የሜዳዋ ናት" ብሎ የመዘገበ ሰው፣ ብርቅ የሆነችውን እንደልብ ያለች ያስመስላል። የሜዳዋን "የገደሏ ናት" ያለ ደግሞ ሐዲድ ዳር የቀረችውን አንዲት እፍኝ አበባ ማንም እንዳይጠብቃት ያደርጋል።

ሌላም የሚያደናግር አለ። የሜዳዋ የጓሮ አበባ ሆናለች። ዘሯም ችግኟም ይሸጣል። እኔም ከአንድ የችግኝ መሸጫ የገደሏን ስም የተለጠፈባት አንዲት ችግኝ ገዝቼ ነበር። አራተኛው ዓመት ላይ አበበች፤ ከዘር ተነስታ ለማበብ ዓመታት የምትፈጅ ዘገምተኛ ናት። ፍሬዋ ሲደርስ ተጫንኩት። ድንጋይ! አራት ዓመት ሙሉ በሰው ስም ስጠራት ኖሬያለሁ። እንዲህ ዓይነቷ ከጓሮ አምልጣ መንገድ ዳር ስትበቅል፣ ከሌላ ግዛት የመጣ ዘር መሆኗን ማን ይነግረናል?

ስለ ስም ከተነሳ ዝም ብዬ አላልፍም።

እነዚህ አበቦች ከ250 ዓመት በላይ ዶዴካቴዮን ሲባሉ ኖረዋል። በግሪክኛ "12 አማልክት" ማለት ነው። ስሙ የጥንቱ ሮማዊ ፕሊኒ ለሌላ ዕፅ የተጠቀመበት ነው፤ ለዕፅዋት ስም በማውጣት የሚታወቀው ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ በ1753 ወስዶ ለአሜሪካዊቷ አበባ ሰጣት። ከእሱ በፊት እንግሊዛዊው ማርክ ኬትስቢ ለአንድ ታዋቂ የለንደን ሐኪም፣ ለሪቻርድ ሚድ፣ መታሰቢያ እንድትሆን ሜዲያ ብሏት ነበር። ሊኔየስ ያንን የወገን ስም አልተቀበለውም፤ ግን ሙሉ በሙሉም አልጣለውም፤ የዝርያዋ ስም አድርጎ አስቀረው። የሐኪሙ ስም እስከ ዛሬ በዚያ በኩል አለ።

ከዚያ የዘረመል ጥናት መጣ። ተወርዋሪ ኮከቦች ራሳቸውን የቻሉ ወገን ሳይሆኑ ከፕሪሙላ ወገን መሃል የወጡ ቅርንጫፍ መሆናቸው ታየ። ለባምብልቢዋ ብለው ልብስ ቀየሩ እንጂ ቤታቸው ያው ነው። በ2007 ኦስቲን ማስትና ጄምስ ሪቪል የተባሉ ተመራማሪዎች ዶዴካቴዮንን በሙሉ ወደ ፕሪሙላ አዛወሩት። የሚያስቀው ቀጥሎ ያለው ነው። ያው ሪቪል በ2009 በወጣው የሰሜን አሜሪካ ዕፅዋት መዝገብ ውስጥ ስለ እነዚሁ አበቦች ሲጽፍ፣ ዶዴካቴዮን በሚለው በድሮው ስም ነው ያቀረባቸው። እንግዲህ አዛዋሪው እንዲህ ካደረገ የችግኝ ነጋዴው አሮጌውን ስም ቢለጥፍ ምን ይደንቃል?

ዝውውሩ ሌላ ጣጣም አመጣ። የገደሏ የድሮ ስሟ "አሜቲስቲነም" የሚል ነበር፤ ከሐምራዊው የከበረ ድንጋይ የተወሰደ። ወደ ፕሪሙላ ስትገባ ግን ስሙ ተይዟል፤ አንዲት የእስያ ፕሪሙላ ቀድማ ወስዳዋለች። በአንድ ወገን ሁለት ሰው በአንድ ስም አይጠራም። ስለዚህ አበባዋን እንደ ራሷ የቆመች ዝርያ በለየው በዊስኮንሲኑ ተመራማሪ በኖርማን ፋሴት ስም ፋሴቲ ተባለች። አሮጌ መጽሐፍ ይዞ አዲስ መተግበሪያ የሚከፍት ሰው ሁለት አበባ ያወራ ይመስለዋል። አንድ ናት።

እዚህ ላይ ለእኛ የሚሆን አንዲት ነገር አለች። ስሜን ተራሮች ላይ፣ እርጥብ አለት የምትወድ ቢጫ ፕሪሙላ አለች። ስሟም ከቦታው የመጣ ነው፤ ሲመንሲስ። ከ2007ቱ ዝውውር በኋላ የዊኖናዋ ሐምራዊና የስሜኗ ቢጫ የአንድ ወገን ልጆች ሆነዋል። ሁለቱም እርጥብ ገደል ይወዳሉ። ይህን ሳውቅ ትንሽ ደስ አለኝ፤ አልደብቅም። መመሳሰል ያደናግራል የሚለውም ለእኛ አዲስ አይደለም። በመስከረም ሜዳውን የሚሞላውን ቢጫ ሁሉ አደይ ብለን አይደል የምንጠራው? የዕፅዋት ባለሙያ ግን በኢትዮጵያ ከአደይ ወገን ከአንድ በላይ ቢጫ እህትማማቾች ይቆጥራል።

ደቡብ ኢሊኖይ ውስጥ ክርክሩ መልኩን ይቀይራል። እዚያ ካለው የአሸዋ ድንጋይ ዋሻ ጥላ ሥር ፕሪሙላ ፍሬንቺ የምትባል አለች። አበባዋ የሜዳዋን ትመስላለች። ቅጠሏ ግን ሌላ ነው። የሜዳዋ ቅጠል ቀስ በቀስ እየጠበበ ወደ እግሩ ይወርዳል፤ የፍሬንቺ ቅጠል ሰፊ ሆኖ ቆይቶ ድንገት ይቆረጣል፤ አንዳንዱ የልብ ቅርጽ ይይዛል። "ጥላ ስለበዛባት ነው እንጂ ያችው የሜዳዋ ናት" የሚሉ ነበሩ። ሞኝ ሐሳብ አይደለም፤ ጥላ ውስጥ ያደገ ቅጠል መስፋቱ የታወቀ ነው። ክሮሞዞም ሲቆጠር ግን የፍሬንቺ 44፣ የሜዳዋ 88 ሆኖ ተገኘ። እጥፍ ነው። ዐይን የማያየው ልዩነት ይሉሃል ይህ ነው። የቅጠል ቅርጻቸው መሃል ላይ የሚዋልል፣ የትኛዋ እንደሆኑ ለመናገር የሚያስቸግሩም ስላሉ ፎቶ ብቻ ይዞ መፍረድ ከባድ ነው። እዚያ አካባቢ የሚዞር ሰው አበባውን ትቶ ቅጠሉን ያንሳ፤ ከላዩ የተጋረደው ድንጋይ መኖር አለመኖሩንም ይጻፍ።

ወደ ምዕራብ ሲሄዱ ነገሩ ይብሳል። ብዙ ዝርያ ተራራ ለተራራ ተጎራብቶ ይኖራል። እዚያ ቁልፉ ምንቃሩ ላይ ነው፤ ግን ከሩቅ አይታይም። አጉሊ መነጽር ይፈልጋል፣ ወይም ስልኩን በጣም ማስጠጋት።

ምንቃሩን የሠሩት አንተሮች፣ ዱቄቱን የያዙት የስታመን ጫፎች፣ ጀርባ አላቸው። የአንዳንዶቹ ጀርባ ለስላሳ ነው፣ ወይም መስመሩ ቁልቁል ይወርዳል። የሌሎቹ ጀርባ አግድም ተሸብሽቧል፤ እንደ ሽማግሌ ግንባር። ሞንታናና አይዳሆ ላይ ሰውን የምታሳስተው ጥንድ በዚህ ትለያለች። ፕሪሙላ ፓውሲፍሎራ ጀርባዋ ለስላሳ ወይም ቁልቁል የተሰመረ ነው፤ አንተሮቹን የያዙት ክሮች ተያይዘው ቢጫ ቱቦ ሠርተዋል። ፕሪሙላ ኮንጁጀንስ ጀርባዋ አግድም የተሸበሸበ ነው፤ ክሮቿ ከማጠራቸው የተነሳ ቱቦ የላትም ማለት ይቻላል። ዴንቨር ያሉ ወገኖች ተራራ ሲወጡ፣ ወንዝ ዳር የሚያገኟት ፓውሲፍሎራ ናት። ስሟ "ጥቂት አበባ" ማለት ነው፤ በአንድ ዘንግ ከ10 በላይ የምታወጣም አለች። ስሙን አትመኑት።

ሲዬራ ኔቫዳ ላይ ደግሞ ስቲግማው ይታያል፤ ከምንቃሩ ጫፍ ብቅ የሚለው የሴቴው ክፍል። የፕሪሙላ ጄፍሬይ ስቲግማ እንደ ክብሪት ራስ ወፈር ይላል። የፓውሲፍሎራ ከያዘው ዘንግ አይወፍርም። ጄፍሬይ ትልቅ ናት፤ ቅጠሏ እስከ ግማሽ ሜትር ሊረዝም ይችላል፤ ውኃ ያቆረ ሜዳ ትወዳለች። ስሟ የጆን ጄፍሬይ ነው፤ ለአንድ የኤድንበራ ማኅበር ዘር ሊሰበስብ መጥቶ በ1854 ደብዛው የጠፋ ስኮትላንዳዊ። ከጎኗ ደግሞ ስቲግማዋ እንደ እሷው የወፈረ፣ ትንሽዬ፣ ቀጭን ቅጠል ያላት ፕሪሙላ ቴትራንድራ አለች። የቴትራንድራ ፔታል አራት ነው ይባላል። ልክ ነው። ግን የጄፍሬይም አንዳንዴ አራት ይሆናል። ስለዚህ ፔታል ቆጥሮ የሚሄድ ሰው ግማሽ መንገድ ላይ ቀርቷል።

ለእኔ ከሁሉም የሚያስቸግረው የካሊፎርኒያ ዝቅተኛው ቦታ ነው፤ ከሳንፍራንሲስኮ ወደ ደቡብ። ፕሪሙላ ሄንደርሶኒ፣ ያች የትንኝ ምንቃሯ፣ እና ፕሪሙላ ክሊቭላንዲ እዚያ ይገናኛሉ። መጽሐፉ ምን ይላል? ሥሯን እይ ይላል። ሄንደርሶኒ በምታብብበት ጊዜ ሥሯ አጠገብ የሩዝ ፍሬ የሚያክሉ ነጫጭ አምፖሎች ታፈራለች፤ ክሊቭላንዲ የላትም። ጥሩ መለያ ነው፤ ግን ማየት የሚቻለው በመቆፈር ነው። ማንነቷን ለማወቅ አበባዋን መንቀል፣ ለዚያውም በሕዝብ ፓርክ ውስጥ? እኔ አልቆፍርም፤ እናንተም አትቆፍሩ። ሌላ መንገድ አለ። ጠብቃችሁ ፍሬውን ስታዩ፣ የሄንደርሶኒ በአብዛኛው እንደ ሙዳይ ክዳኑ ይነሳል። የክሊቭላንዲ ከጫፉ ተሰንጥቆ ይከፈታል። መጠበቁ ግን ቀላል አይደለም። በጋው ሲገባ ቅጠሎቻቸው ደርቀው ከመሬት በላይ ያለው ነገር ሁሉ ይጠፋል። ሁለት ሳምንት የዘገየ ሰው ባዶ ሣር ያያል።

አሁን ስልኩን እንውቀሰው? በእርግጥ ስልኩ ጥፋተኛ አይደለም። መተግበሪያው የሚያወዳድረው ቀድሞ ካየው ፎቶ ጋር ነው። ያየው ፎቶ ሁሉ የአበባ ፊት ከሆነ የሚያውቀው ፊት ነው። የፍሬ ፎቶ ካልመገብነው ስለ ፍሬ ከየት ያመጣዋል?

እኔን የሚያሳስበኝ ቀጥሎ የሚሆነው ነው። አይናቹራሊስትን እንውሰድ፤ በ2008 በበርክሌይ የተማሪዎች የመመረቂያ ሥራ ሆኖ የተጀመረው፣ ዛሬ ዓለም የሚጠቀምበት መዝገብ። እዚያ ላይ አንድ ፎቶ ለምርምር ብቁ የሚባለው ስሙን ከሰጡት ሰዎች ከሁለት ሦስተኛ በላይ ሲስማሙ ነው። አሠራሩ ጥሩ ነው። ግን እኔ ስልኩ የነገረኝን ስም ጫንኩ እንበል። አንድ ቅን ሰው መጣ፤ አበባዋ ደስ አለችው፤ "እስማማለሁ" የሚለውን ነካ። አለቀ። ሁለት ሰው መሰከረ ተባለ። ስልኩ ለራሱ መሰከረ እንጂ ሰው መቼ መሰከረ?

ከዚህም የከፋ አለ። መዝገቡ ለአደጋ የተጋለጡ ዝርያዎችን ትክክለኛ ቦታ ይደብቃል፤ ነቅሎ የሚሸጥ እንዳያገኛቸው። የሚደብቀው ግን ስማቸውን አይቶ ነው። ብርቋን አበባ በተራዋ ስም ከመዘገብናት ቦታዋ ካርታው ላይ ፍጥጥ ብሎ ይወጣል።

ስለዚህ ፎቶ ስታነሱ ፊቷን አንሱ፤ ማን ይከለክላል፣ ታምራለች። ከዚያ ግን ተንበርከኩ። ከታች ወደ ላይ ምንቃሩን አንሱ፤ የአንተሩ ጀርባ እስኪለይ ተጠጉ። ቅጠሉን ከእግሩ ጀምሮ አንሱ። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብላችሁ የቆመችበትን ቦታ አንሱ፤ ገደል ነው፣ ሜዳ ነው፣ ዋሻ ነው፣ ሐዲድ ዳር ነው? ያም ሆኖ ካልለየላችሁ "ፕሪሙላ፣ ከተወርዋሪ ኮከቦቹ አንዷ" ብሎ መተው ነውር የለውም። ብዙ ሰው ይህን እንደ ሽንፈት ያየዋል። እኔ የተሳሳተ ሙሉ ስም ከምሰጣት ትክክለኛ ግማሽ ስም ይሻላታል ባይ ነኝ።

እኔም የዊኖናዋን በዚሁ በግማሽ ስም ትቻት ነበር። ጁላይ ላይ ተመልሼ ሄድኩ። ጓደኛዬ "ለደረቀ እንጨት ነው ሁለት ሰዓት የምትነዳው?" ብሎ ቀረ። ቅጠሎቹ ጠፍተዋል፤ ዙሪያው በሌላ አረም ተውጧል። ዘንጎቹ ግን ገለባ መስለው ቀጥ ብለው ቆመዋል። አንዱን ፍሬ ሳልቆርጥ በሁለት ጣቴ ቀስ ብዬ ተጫንኩት። ሰረጎደ። ጥቂት ቡናማ ዘር መዳፌ ላይ ረገፈ፤ እዚያው አለቱ ሥር መልሼ በተንኩት። ፎቶውን ጨምሬ ስሙን ፋሴቲ ብዬ አስተካከልኩ። እስካሁን ሦስት ሰዎች ተስማምተዋል። አራተኛው ግን አልተቀበለኝም፤ ፍሬው በጣት ሲጫኑት የሚያሳይ ፎቶ ጠይቆኛል። ለሚቀጥለው ጁላይ ቀጠሮ ይዘናል።